ማኅተም ያረፈበት ብልሽት

ዳንግላ፣ ጥር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመምህር ይሄይስ ወገኔ
እንጅባራ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። እንዴት ከረሙ? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? እኔ አለሁ፤ አባቴም አለ፣ ኮርቻውን ይሰፋል። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን፤ ከዚህ በላይ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ሹፌሩ ቢሻው ሚኒባሱን መናኸሪያ አቁሞ ያቀበለኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለማመን፣ አንዴ ለመሳቅ። ስም የለበት፣ ፊርማ የለበት፣ ቀን የለበት። «እጁ አልንቀሳቀስ አለ፣ ሽቦውን አሳምሬ ቀይሬው ነበር፣ ምን ላድርግ?» ይላል። የእጅ ጽሑፉን ግን አልስተውም። የዛሬ ሁለት ዓመት «ተማሪ ውብአየሁ አየነው ከግምጃ ቤት አምስት የሮቦት ሞተር ሰርቃ ስለተገኘች ተሰናብታለች» ብሎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወር የከረመው ጽሑፍ ነው።

ያ በሪሞት የሚታዘዝ የሮቦት እጅ የእኔ ነው መምህር። እርስዎም ያውቁታል። ስድስት ወር ሙሉ አባቴ ኮርቻ ከሚሰፋበት ክፍል ጥግ ተቀምጬ ሠራሁት። ሞተሮቹን ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ገዛሁ፤ ሽቦውን ከተጣለ ባጃጅ ላይ ነቀልኩ፤ የጣቶቹን ውስጥ አባቴ ከኮርቻ በተረፈ ቆዳ ለበጠልኝ። ላሳይዎት ብዬ ባመጣሁት በሳምንቱ ሌባ ተባልኩ። እጁም «የተያዘ ንብረት» ተብሎ ቢሮዎ ገባ። አሁን ደግሞ የካቲት 16 በዞኑ የፈጠራ ሥራዎች ዐውደ ርእይ ላይ የእርስዎ ፈጠራ ሆኖ ሊቀርብ ነው አሉ። ዓይንዎን በጨው አጥበው እኔኑ መጠየቅዎ! ወይ ድፍረት!

እጠግነዋለሁ። ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ የሠራሁት ዕቃ ሰው ፊት ሞቶ እንዲቆም ስለማልወድ ነው። ሱቄ ግን ደንብ አላት። ሬዲዮም ይሁን ሞባይል፣ ባለቤቱ ብልሽቱን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ስሙንና ቀኑን አኑሮ፣ ፈርሞ ዕቃው ላይ ያስራል። በስልክ የተነገረ ብልሽት አልቀበልም። እንዲህ ካደረግኩ ወዲህ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ብሎ የሚከሰኝ የለም። ደንቡን ያወጣሁት ከእርስዎ ተምሬ ነው።

ለዛሬው ያለ ስም መልሼልዎታለሁ፣ አይደገምም። ከየሞተሩ ሦስት ሽቦ ይወጣል። ቡናማው ነጌቲቭ ነው፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ቢጫው ትእዛዝ የሚያመጣው። እርስዎ እንዲያምር ብለው ሁሉንም ነጭ ስላደረጉት ገልብጠው ሰክተዋል። ከሞተሩ ገላ የሚወጣውን ቀለም ተከትለው፣ ቡናማው ወደ ቦርዱ ጠርዝ እንዲውል አድርገው መልሰው ይሰኩ። ሞተሮቹ ላይ በመርፌ የተጫረውና ማንበብ ያቃተዎት ነገር በእናቴ ቋንቋ በአገውኛ የጻፍኩት ቁጥር ነው፤ ከታች ወደ ላይ ከአንድ እስከ አምስት።

የድካሜ ዋጋ አንድ መስመር ነው። «ውብአየሁ ሞተር አልሰረቀችም» ብለው ይጻፉና ይፈርሙ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ውብአየሁ አየነው


ቁጥር፦ ኤ/ክ/014/09
እንጅባራ፣ ጥር 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ውብአየሁ አየነው
ዳንግላ

ጉዳዩ፦ የቴክኒክ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በጠየቅሽው መሠረት ስሜንና ፊርማዬን አኑሬአለሁ። ባለ ትዳር ሰው ለወጣት ሴት በሹፌር እጅ ደብዳቤ ሲልክ ምን እንደሚወራ አንቺም አታጪውም። ስለዚህ ጉዳዩ የሥራ መሆኑ እንዲታወቅ የክፍሉን ማኅተም አሳርፌበታለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ሶስናም አይታው ነው የታሸገው።

ሶኬቶቹን እንዳልሽው ገልብጬ ብሰካቸው እጁ ነፍስ ዘራ። ነገር ግን ሁለት ሞተር አንድ ላይ ሳዝዝ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ የቦርዱ መብራትም ጠፍቶ እንደገና ይበራል። ሦስተኛው ሞተር ደግሞ ግሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ችግሩ ባትሪው ነው ወይስ ቦርዱ? ጊዜው እየሄደ ስለሆነ መልሱን ቶሎ እንድትልኪ አሳስባለሁ።

ያለፈውን በተመለከተ፣ የተኛ ነገር መቀስቀስ ለማንም አይበጅም። በወቅቱ የነበረው አሠራር አስገድዶኝ ነው። አንቺም ብትሆኚ ዛሬ ሱቅ ከፍተሽ ራስሽን ችለሻል፤ በአንድ በኩል ጠቅሞሻል ማለት ይቻላል።

ይሄይስ ወገኔ
የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ኃላፊ
(ፊርማና ማኅተም አለው)


ዳንግላ፣ ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመምህር ይሄይስ ወገኔ

እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ማኅተሙ ያው ነው፤ ሰማያዊ፣ በግራ በኩል ትንሽ የተሸረፈ። አይቼ በሥርዓት ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ወይዘሮ ሶስናን ሰላም ይበሉልኝ፤ በእኔ በኩል እንዳይሰጉ ይንገሩልኝ።

«ጠቅሞሻል» የሚለው ላይ ስደርስ የምበይድበት ካውያ እጄ ላይ ነበር። የሰው ሬዲዮ አቃጠልኩ። ጠቀመሽ ካሉኝ አይቀር እንዴት እንደጠቀመኝ ልንገርዎት።

አባቴ የእድራችንን ዕቃ ቤት ቁልፍ አሥራ ስድስት ዓመት ይዞ ነበር። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነበር። የማስታወቂያዎ ግልባጭ ቀበሌ በደረሰ በሁለተኛው እሑድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አዝመራው ቤታችን መጡ። አንገታቸውን ደፍተው፣ «አየነው፣ አንተም ደክመሃል፤ ቁልፉን ለሌላ ሰው ብንሰጠውስ?» አሉት። አባቴ አልደከመም ነበር። ከአንገቱ አውልቆ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ እድር ሲሰበሰብ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። እኔ ያንን ቁልፍ ነው የምፈልገው መምህር። እሱ አባቴ አንገት ላይ እስኪመለስ አልለቅዎትም፤ ይሄንን ደብቄ አልጠግንልዎትም።

ወደ ብልሽቱ ስንመለስ፣ ሞተሮቹን የሚያበሏቸው ከቦርዱ ነው። ለአምስት ሞተር የሚበቃ ኃይል ከዚያች ቦርድ አይወጣም፤ ስለዚህ ሞተሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ እሷም ራሷን ስታ ትነሣለች። ለሞተሮቹ ብቻ የሞተር ሳይክል ባለ ስድስት ቮልት ባትሪ ይስጧቸው። ቦርዷ የራሷን ባትሪ ትያዝ። የሁለቱ ባትሪዎች ነጌቲቭ ግን መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ሞተሮቹ የቦርዷን ትእዛዝ አይለዩም።

ሦስተኛው ሞተር አልቆለታል፣ አይልፉበት። ማስታወቂያዎ ላይ ከነስሙ የጠቀሱት ዓይነት ነው፤ ከግምጃ ቤታችሁ አንድ አውጥተው ይቀይሩት።

ያቺን አንድ መስመር አልረሳኋትም።

ውብአየሁ


ቁጥር፦ ኤ/ክ/021/09
እንጅባራ፣ ጥር 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ውብአየሁ አየነው

ጉዳዩ፦ ተጨማሪ ማብራሪያና መለዋወጫ ስለመጠየቅ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ባትሪውን ለይቼ ነጌቲቩን አገናኝቻለሁ፤ መንቀጥቀጡ ቆሟል።

ሦስተኛውን ሞተር በተመለከተ «ከግምጃ ቤታችሁ ቀይሩ» ማለትሽ አልገባኝም። እንዲህ ያለ ሞተር ተቋማችን ገዝቶም ተረክቦም አያውቅም። ከግምጃ ቤት ኃላፊዋ ከወይዘሮ ዘውድነሽ ጋር የአምስት ዓመት መዝገብ አገላብጠን አይተናል፤ የለም። ስለሆነም አንቺ ሞተሮቹን ከገዛሽበት ቦታ አንድ አስመጥተሽ በአስቸኳይ እንድትልኪ።

ሌላ ችግርም ገጥሞኛል። ለእንግዳ ዓይን እንዲስብ ሽቦውንና ቦርዱን በቆርቆሮ ሳጥን አሸፍኜ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ስሜን በቀይ ቀለም በትልቁ አጽፌበታለሁ። ከዚያ ወዲህ የሪሞቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይረጋም። ሪሞቱን ሳጥኑ ላይ ደግፌ ሳዝዘው ይሰማል፤ ሁለት እርምጃ ስርቅ እንዳልሰማ ይሆናል። ሪሞቱ ተበላሽቶ ይሆን?

የአባትሽ ነገር ያሳዝናል። ዐውደ ርእዩ ይለፍና እናየዋለን።

ይሄይስ ወገኔ
የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ኃላፊ
(ፊርማና ማኅተም አለው)


ዳንግላ፣ የካቲት 1 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመምህር ይሄይስ ወገኔ

ደኅና ነዎት? እኔ ዛሬ እጅግ በጣም ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን ለራሴ ሦስቴ አነበብኩት፣ ከዚያ አባቴ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መርፌውን ቆዳው ላይ እንደሰካ ቀረ። «እስቲ ያቺን የመዝገቧን ነገር ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ምን እንደተባባልን ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ።

ሞተሩን ልኬአለሁ፤ ከቢሻው ይቀበሉ። የራሴ ነው፣ ለሌላ ሥራ ያስቀመጥኩት። ሲገጥሙት ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ብሎኑን በኃይል አያጥብቁት፣ ጥርሱ ይበላል።

ሪሞቱ አልተበላሸም። ትእዛዙ በአየር ላይ ነው የሚሄደው፤ እርስዎ ደግሞ መቀበያዋን ትንሿን ሳጥን ቆርቆሮ ውስጥ ቀበሯት። ቆርቆሮ ያንን አያሳልፍም። ኧረ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ኃላፊ ሆነው! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እያለሁ እርስዎ ያስተማሩኝ እኮ ነው፣ ሬዲዮ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለምን እንደሚንኮሻኮሽ። ሳጥኑን ይቅደዱትና መቀበያዋ አንገቷን ታውጣ። ቀዳዳው ሪሞቱን ወደያዘው ሰው መዞር ስላለበት ፊት ለፊቱ ላይ ነው የሚሆነው። ስምዎ እዚያ መጻፉ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ሪሞቱ ውስጥ አዲስ ባትሪ ያስገቡ፤ አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር አይደባልቁ። መጀመሪያ እጁን ያብሩ፣ ሪሞቱን ቀጥሎ። መብራቱ ሲረጋ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ካልረጋ ሁለቱንም አጥፍተው እንደገና ይጀምሩ፤ ቁልፍ እየደበደቡ አያስቸግሩት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ያቺን መስመር ይጻፉልኝ። ዛሬ ብትደርሰኝ እስካሁን የያዝኩትን ሁሉ እተዋለሁ፤ እጁም ይውሰዱት፣ ሽልማቱም የእርስዎ ይሁን። ይሄንን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው። አባቴ ስለለመነኝ እንጂ እኔ አልፈልገውም ነበር።

ውብአየሁ


ቁጥር፦ ኤ/ክ/027/09
እንጅባራ፣ የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ውብአየሁ አየነው

ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ሳጥኑን አስቀድጄ፣ አዲስ ባትሪ ገዝቼ፣ ባልሽው ቅደም ተከተል ባበራው መብራቱ ረጋ። ከክፍሉ በር ላይ ሆኜ አዘዝኩት፣ ታዘዘኝ። ባለቤቴና ልጆቼ መጥተው አጨበጨቡልኝ። ደስታዬን ልገልጽልሽ አልችልም።

ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ በመድረኩ ላይ እንቁላል አንሥቶ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለወይዘሮ ያለምወርቅ እንዲያቀብል አስቤ ነበር። ሦስት እንቁላል ሰብሯል። ምን ላስነሣው? ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ መሐንዲስ ናቸው አሉ፣ ይጠይቃሉ። ቦርዱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ቢጠይቁኝ ምን ብዬ ላስረዳ? ከፍቼ አይቼው አላውቅም። አጠር አድርገሽ ጻፊልኝና በቃሌ እይዘዋለሁ።

ስለ መስመሩ ደጋግመሽ ጽፈሻል። አንድ ኃላፊ የፈረመውን መልሶ ሲያፈርስ ታይቶ አይታወቅም፤ የመሥሪያ ቤቱን ክብር ይነካል። ወጣት ነሽ፣ ትረሺዋለሽ። አባትሽም ቢሆን ዕድሜው ገፍቷል፤ ቁልፍ መሸከሙ ቢቀርበት ያርፋል።

ይሄይስ ወገኔ
የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ኃላፊ
(ፊርማና ማኅተም አለው)


ዳንግላ፣ የካቲት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመምህር ይሄይስ ወገኔ

እንኳን ደስ አለዎት። ልጆችዎ ማጨብጨባቸውን ስሰማ ልቤ ትንሽ ራራ። ከዚያ ስለ አባቴ የጻፉትን አነበብኩ። ከእንግዲህ ስለ መስመሩ አላነሣም።

እንቁላሉን ይተዉት። ጣቶቹ የተለበጡት በኮርቻ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ክብ ነገር አይችልም። ጠፍጣፋ ነገር ግን እንደ ሰው አድርጎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፖስታ ያስነሡት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ፊት ዘርግቶ ደብዳቤ ሲያቀብል ከእንቁላል የበለጠ ያምራል፤ የሥራ ሰው ነዎት፣ ይሄ ይገባዎታል።

ፖስታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ውፍረቱ ለጣቶቹ ልክ እንዲሆን ውስጡ አራት ወረቀት አጥፌ አስገብቼበታለሁ፤ በደንብ አሽጌዋለሁ። ከከፈቱት ውፍረቱ ይዛባና ያንሸራትተዋል፤ መድረክ ላይ ያዋርድዎታል። ላዩ ባዶ ነው፤ «ለክብርት የኮሚቴው ሰብሳቢ» ብለው ቢጽፉበት ጥሩ ነው። ሲለማመዱም በእሱው ይለማመዱ።

ወይዘሮዋ ከተቀበሉ በኋላ ጣቶቹን ይክፈቱ፤ ቀድመው ከከፈቱ ይወድቃል። ስለ ፕሮግራሙ የሚሉት በሌላ ወረቀት ላይ አለ፣ አሥራ ሁለት መስመር ነው። በቃልዎ ይያዙት። የሚያስፈልግዎት ግን አይመስለኝም።

ውብአየሁ


ዳንግላ፣ የካቲት 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአቶ ይሄይስ ወገኔ

እንዴት ሰነበቱ? የትናንቱ ወረቀትዎ ደርሶኛል። ያለቀሱበት ቦታ ቀለሙ ፈሷል፤ አንብቤዋለሁ።

«ሆን ብለሽ ነው ወይ?» ብለዋል። አዎ። የምፈልገውን እኔ አልደበቅኩብዎትም፤ ጥያቄውን የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ የፈረሙት እርስዎ፣ ማኅተሙን የመቱት እርስዎ። እኔ የጠየቁኝን ሁሉ በእውነት መለስኩ። አንዲት ሽቦ እንኳ አላጣመምኩብዎትም።

«አራቱ ወረቀቶች ምንድን ነበሩ?» ብለውም ጠይቀዋል፣ እንዳላዩ ሆነው። ሦስቱ የእርስዎ ደብዳቤዎች ናቸው። አራተኛዋ ያቺ ማስታወቂያ ናት፤ ከወሩ በኋላ ዕቃዬን ልወስድ የተመለስኩ ዕለት ከሰሌዳው ላይ ልጬ ወስጃት ነበር። አራቱም አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ማኅተም፣ በግራ በኩል የተሸረፈ።

ዐውደ ርእዩ ላይ እኔ አልነበርኩም፤ ሱቄ ነበርኩ። ቢሻው ነው የነገረኝ፣ መኪናውን ትቶ ከኋላ ቆሞ ሲያይ ነበር። እጁ ፖስታውን አነሣ አለኝ፣ ዞረ፣ ሳይንቀጠቀጥ ተዘረጋ፣ ሰው አጨበጨበ። በላዩ ላይ ማኅተም መትተውበታል አሉ! እሱን እንኳ እኔ አልጠየቅኩዎትም ነበር። ወይዘሮ ያለምወርቅ የምስጋና ደብዳቤ መስሏቸው ድምፅ ማጉያው ላይ ማንበብ ጀመሩ። «እንዲህ ያለ ሞተር ተቋማችን ገዝቶም ተረክቦም አያውቅም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማስታወቂያዋን ገለጡ። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረው፣ «የትኞቹን ሞተሮች ነው ታዲያ የሰረቀችው?» አሉ። እሰይ! እዚህ ላይ ስደርስ ቢሻውን ሦስቴ አስደግሜዋለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አላፍርበትም።

አባቴ ያን ቀን መርፌውን አስቀምጦ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት ብዬ ነበር። «ይሄን ወረቀት ይዘሽ ቢሮ ሂጂ፣ በር ዘግታችሁ ጨርሱት፤ ልጆች አሉት» ነው ያለኝ። እኔ ግን ሰሌዳ ላይ ነው የተሰቀልኩት፤ በር ተዘግቶ አልተሰደብኩም። «ልጆቼን አላሰብሽም ወይ?» ላሉኝ፣ አስቤአለሁ። የአንድ ሰው ልጅ እኔም ነኝ።

ተቋሙ ስንብቱን የሚሽር ደብዳቤ ባለፈው ሐሙስ ልኮልኛል። ለቀበሌውም ግልባጭ ደርሷል። እጁንም ቢሻው ጭኖ አምጥቶልኛል፤ ሳጥኑን አባቴ ለዶሮዎቹ በር አደረገው፣ ከስምዎ የተረፈው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አዝመራው መጡ። በዚያው በደፉት አንገታቸው ቁልፉን አውጥተው ሰጡት። አባቴ ጠፍሩን አየው፣ አርጅቶ ነበር። «ቆይ» አለና ከኮርቻው ቆዳ ላይ አዲስ ጠፍር ቀደደ፣ ሰፋ፣ ቁልፉን አስገባ፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ውጪ ወጥቼ አለቀስኩ።

ይቅርታ ጠይቀዋል። አይቼዋለሁ። ግን ስም የለበትም፣ ፊርማ የለበትም፣ ቀን የለበትም። የሱቄን ደንብ ያውቁታል መምህር። በሥርዓቱ ጽፈው ይላኩና ያን ጊዜ አየዋለሁ።

ውብአየሁ አየነው